በሠርግ የተጠቀጠቀ መሬት

ዘመን የምትቆጥሩት በምንድን ነው? በቀልድ እንዳትወስዱት፤ የምሬን ነው። አንዳንዱ በመንግሥት ይቆጥራል፤ «በጃንሆይ ጊዜ»፣ «ከለውጡ ወዲህ» ይላል። አንዳንዷ በልጆቿ ትቆጥራለች፤ «ትልቁን ሳረግዝ»፣ «ትንሿ ጥርስ ስታበቅል» እያለች። አንዲት የማውቃት ሴት ደግሞ የምትቆጥረው በተጣላቻቸው ሰዎች ነው፤ «ከእከሊት ጋር በተኮራረፍንበት ዓመት» ትላለች፣ እመኑኝ፣ አንድም ዓመት ባዶ አላለፈባትም። እኛ ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ዳር የምንኖረው ግን በጎርፍ እንቆጥራለን። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል ውሃ የሌለው ወንዝ ነው። ግመል ይተኛበታል፣ ጎረምሳ ኳስ ይጫወትበታል፣ እኛ ልብስ እናሰጣበታለን። ከዚያ አንድ ቀን፣ እኛ ዘንድ ፀሐይዋ አናት እየበሳች ሳለ፣ ደጋው ላይ የዘነበው ሁሉ ሳይነግረን ከች ይላል። ያን ጊዜ ደቻቱ ወንዝ መሆኑ ትዝ ይለዋል። እኛም ትዝ ይለናል።

ምድር ራሷ የዘመን አቆጣጠር እንዳላት የሰማሁት ግን በዚያ በስብሰባና በሰልፍ ጊዜ፣ ጉድጓድ ውስጥ እግሬን ዘርግቼ በተቀመጥኩበት ቀን ነው። ጉድጓድ ውስጥ ምን አስቀመጠሽ እንዳትሉኝ፤ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ሰፈሩ በሙሉ አክስቴ ነው የሚለኝ። ወንድሞቼና እህቶቼ ወልደው ወልደው የማይጠግቡ ሆኑና የእነሱ ልጆች ሲጠሩኝ የሰማ ሁሉ ስሜን ትቶ አክስቴ አለኝ፤ ከእኔ የሚበልጡ ሽማግሌዎች እንኳ ሳይቀሩ። አስካለ ብላ የምትጠራኝ አጥር የምትጋራኝ ሙሚና ብቻ ናት፣ እሷም ስትቆጣ። ትምህርቴ የመሠረተ ትምህርት ነው። እሱንም ከሙሚና ጋር አንድ ወንበር ላይ አስቀምጠውን ስላሳሳቀችኝ ግማሹ አምልጦኛል።

ቤቴ ወንዙ ዳር ነው። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ባቡር ላይ ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ አግብቶ ሲያመጣኝ ቤቱ ነበር፣ ግቢው ግን አልነበረም። በር ከፍቼ አንድ ሁለት ብዬ ብራመድ ሦስተኛው እርምጃ ደቻቱ ውስጥ ነበር የሚጥለኝ። እኔ ደግሞ ግቢ እወዳለሁ። ግቢ የሌላት ሴት የት ቆማ ትጮኻለች? ስለዚህ ግቢውን ሠራሁት። አዎ፣ ሠራሁት። ባቡሩ በድንጋይ ከሰል ይሄድ በነበረበት ጊዜ ነዶ የሚተርፈውን ጥቁር ጠጠር ባሌ በጋሪ እያመጣ ገለበጠ። በላዩ የምድጃዬን አመድ፣ በላዩ የተሰበረ እንስራና ጀበና፣ በላዩ ከመጋላ ሥጋ ቤቶች የተጣለ የግመል አጥንት፣ ከቀፊራ ገበያ የተጠረገ ጥራጊ፣ የሰርዲን ቆርቆሮ፣ ቆርኪ፣ ያረጀ የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማ። ጎረቤቶቼም አይተው ተከተሉኝ። ሃያ ምናምን ዓመት ጣልን፣ ደለደልን፣ ጣልን፣ ደለደልን። ዘጠኝ ቤት ወንዙን ገፋ አድርጎ ግቢ አወጣ። ወንዙም ዝም አለን። ወንዝ ሲስቅ ድምፅ የለውም ለካ።

አንድ ቀን ደብዳቤ መጣ። ጓድ ግርማ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበልን። ጎርፍ ሊወስደው በሚችል፣ ሰው በደለደለው ልል መሬት ላይ ያሉ ቤቶች ከክረምቱ በፊት ይፈርሳሉ፤ ነዋሪዎቹም ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚሰጣቸው ቦታ ይዛወራሉ፤ የትኛው መሬት የትኛው እንደሆነ የሚለይ ባለሙያ ይመጣል። በቃ። «ወጣ ብሎ» የሚሉትን እኔ አውቀዋለሁ፤ ወደ ቢዮ አዋሌ መንገድ፣ ቁልቋልና ነፋስ ብቻ ያለበት ነው። የባሌን ጥቁር ጠጠር፣ የሃያ ዓመት አመዴን ትቼ እዚያ ነፋስ ልቆጥር!

በዚያው ቀን ዘጠኛችንም ሙሚና ቤት ተሰበሰብን። ምክሩ አጭር ነበር። ባለሙያው ሲመጣ ሁላችንም አንድ ቃል እንናገራለን፤ መሬቱ ፈጣሪ እንደፈጠረው ነው፣ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ እንዲሁ ነበር። ሙሚና በጣቷ አንድ በአንድ እያመለከተች ሁሉንም አስማለች። እኔ ጋ ስትደርስ ጣቷን አላነሣችም።

«አስካለ፣ እኔ የምፈራው ያንቺን አፍ ነው» አለች።

«አፌ ምን አደረገ?»

«ወላሂ፣ ምን ያላደረገው አለ!»

ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። ግን ማልኩ፤ በባሌ አጥንት ነው የማልኩት።

ባለሙያው ታደለ ይባላል። የድንጋይ ሐኪም በሉት፤ አነስተኛ መዶሻ፣ ወፍራም ደብተርና ፀሐይ ያቀላው አፍንጫ ይዞ መጣ። ሞስኮ ነው የተማረው፤ የድሬን ሙቀት ሞስኮ አላስተማሩትም መሰለኝ፣ ገና ከጠዋቱ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ከዘጠኙ ቤት የእኔን ግቢ መረጠ፣ ሰፊ ነው ብሎ። ሁለት ቆፋሪዎች ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጉድጓድ አወጡ፣ መሰላል አወረዱ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁሉም አካፋውን ጥሎ ጥላ ፍለጋ ሄደ። ድሬ እኮ ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት የለችም። ሱቁ ይዘጋል፣ ጋሪ ጎታቹ ፈረስ ቆሞ ያንቀላፋል፣ ውሻ እንኳ ማንም ላይ አይጮህም። በዚያ ሰዓት የሚነቃ ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ አዲስ መጤ።

እኔ ያን ቀን እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። ግቢዬ ሆዱ ተከፍቶ እኔ እንዴት ልተኛ? ወጣሁና ጎንበስ ብዬ አየሁት። ከዚያ ቀሚሴን ሰብስቤ በመሰላሉ ወረድኩ።

ምን ልበላችሁ። ቀዝቃዛ ነው። ከላይ ድሬ እየነደደች ከታች የእንስራ ውስጥ ቅዝቃዜ። ቁጭ አልኩ፣ እግሬን ዘረጋሁ፣ ግድግዳውን ቀና ብዬ አየሁ። ከሥር ነጭ የወንዝ አሸዋ አለ። በላዩ ጥቁር መስመር፣ የባሌ ከሰል። በላዩ ግራጫ፣ የእኔ አመድ፤ ያን ሁሉ ወጥ የሠራሁበት፣ ያን ሁሉ የለቅሶ ንፍሮ ያበሰልኩበት። ከአመዱ ውስጥ ቀለሟ የተላጠ የቆርቆሮ ሳህን ጠርዝ ብቅ ብላ ታየኛለች፤ አወቅኋት፣ በተጋባን ዓመት በባሌ ተናድጄ የወረወርኩበት ሳህን ናት። ስታልፈው ሳቀ። ሳቁም እዚያ ግድግዳ ውስጥ ያለ መሰለኝ። ጣቴን በመስመሮቹ ላይ አንሸራተትኩ፤ አንድ ጣት፣ አምስት ዓመት። አንድ ጣት፣ ሁለት ልጅ። የባቡሩ ፉጨት ከሩቅ መጣ፣ አፈሩ ውስጥ ገብቶ በጀርባዬ ወጣ። ዓይኔ ተከደነ።

በህልሜ ከራሴ በላይ እግሮች አየሁ። ስንት እግር! ባዶ እግር፣ ሸራ ጫማ፣ ተረከዙ የሾለ የሙሽራ ጫማ፣ ሁሉም መሬቱን ሲመቱ እኔ ከሥር ሆኜ እሰማለሁ፤ ከበሮው ከላይ አይደለም፣ መሬቱ ራሱ ነው። አፈሩ እንደ ዱቄት በዝግታ እየወረደ ትከሻዬ ላይ ይተኛል፣ አይከብድም። እየተሸፈንኩ ነው፣ አልፈራሁም። እንደውም ደስ ብሎኛል። አንድ የማላውቀው ሰው፣ ልብሱ ምን ዓይነት እንደሆነ የማላውቀው፣ ከላይ ጎንበስ ብሎ «እዚህች ጋ አንድ ሰው ነበር» አለ።

«አክስቴ! አክስቴ፣ ደህና ነዎት?»

ታደለ ነው። ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኮ ፊቱ ነጭ ሆኗል። የሞትኩ መስሎት!

«አብሽር የኔ ልጅ፣ ተኝቼ ነው» አልኩት። «ና ውረድ፣ ታች ይቀዘቅዛል።»

ወረደ። ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ሰው ቢያየን ምን እንደሚል እንጃ። እሱም እንደ መምህር ሳይሆን እንደ ልጅ ሆኖ ያወራኝ ጀመር። እነዚያ ከተማውን የከበቡት ተራሮች ላይ የባሕር ዛጎል ድንጋይ ሆኖ ይገኛል አለኝ።

«ባሕር? ድሬ?» አልኩት። «እኛ ለአንድ ባልዲ ውሃ ተሰልፈን ባሕር ነበራችሁ ትለኛለህ?»

ነበር አለ። ምድር ዘመኗን የምትቆጥረው እንደዚህ በድርብርብ ነው፤ የባሕሩ ዘመን ዛጎሉን ትቶ ሄደ፣ የእሳተ ገሞራው ዘመን ጥቁር ድንጋዩን ትቶ ሄደ። እስካሁን ድርብርቡን የሚሠሩት ውሃ፣ እሳትና ነፋስ ነበሩ። አሁን ግን ተራራ የሚንድ፣ ወንዝ የሚገፋ፣ ከወንዝ የበለጠ አፈር የሚያጓጉዝ ሰው ሆኗል።

«ሞስኮ አንድ ሽማግሌ መምህር ነበሩን» አለ። «አንድ ቀን የምድር ዘመን በሰው ስም ይጠራል ሲሉ ክፍሉ በሙሉ ይስቅ ነበር። እኔም ስቄያለሁ።» ከዚያ በመዶሻው ጫፍ ግድግዳውን፣ አመዴን፣ ሳህኔን እየነካካ «ይኸው የሰው ዘመን» አለ። «ማን እንደሠራው ግን አይታወቅም።»

አይታወቅም!

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ሃያ ምናምን ዓመት በወገቤ፣ በራሴ፣ በቅርጫት ተሸክሜ የሠራሁትን፣ ከባሕርና ከእሳተ ገሞራ ጎን የሚቆጠረውን፣ አይታወቅም!

«እንዴት አይታወቅም?» ብዬ ተነሣሁ። «እኔ ነኝ እንጂ! ያ ጥቁሩ የባሌ ነው፣ ግራጫው የኔ ነው። ያቺ ሳህን የኔ ናት። አጥንቱን ከመጋላ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ይሄንን ግቢ ፈጣሪ አያውቀውም፣ እኔ ነኝ የማውቀው!»

ታደለ ዓይኑ በራ። ደብተሩን አወጣ። ጻፈ። እኔም ቀጠልኩ፤ አፌ አንዴ ከተከፈተ ደቻቱ ማለት ነው። ቆይቶ አንድ የከነከነውን ነገር ጠየቀኝ። ጠዋት ቆፋሪዎቹ ብረት ዘንግ ሲመቱበት ዘንጉ ይነጥርባቸው ነበር፤ ይሄ ሁሉ ጥራጊ ልል መሆን ሲገባው እንደ ሲሚንቶ ጠንክሯል። «ምን ማሽን ነው የሄደበት?»

«ሠርግ» አልኩት።

እውነቴን ነው። ሰፈራችን ዳስ የሚጥልበት ሜዳ አልነበረውም። አዲስ አፈር ባፈሰስኩ ቁጥር «ልጅ የሚድር ይምጣ» እላለሁ። ቦታው በነጻ፣ ጭፈራው ግን ግዴታ! ከድግሱ በፊት ዘመድ ሁሉ አሥር አሥር ቅርጫት ጠጠር ያመጣል፣ ከዚያ እስኪጠነክር ይጨፍራል። ጎረቤቶቼም በየግቢያቸው እንዲሁ አደረጉ። ኦሮሞው መጥቶ በእግሩ ሲመታ፣ ሶማሌው ክብ ሠርቶ ሲዘል፣ ሐረሪዎቹ እያጨበጨቡ ሲረግጡ ማየት ነው፤ ጉራጌ የዳረ ቀንማ አንዱ ሠርግ እንደ ሁለት ይቆጠርልኛል። የእኔ የደገኛ ዘመዶች ብቻ ናቸው የማይጠቅሙት። እስክስታ ትከሻ ነው፤ ትከሻ ለመሬት ምን ያደርግለታል? እነሱን ዳር ዳሩን፣ መጠንከር የማያስፈልገው ቦታ ላይ አቆማቸዋለሁ።

ታደለ እስኪያነባ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሳቃችን ሲያልቅ በመሰላሉ ወጣሁ። ቀና ስል የሙሚና ሻሽ በአጥሩ ላይ ይታየኛል። የሰማችው ሁሉንም ነው።

«አፍሽን ጅብ ይብላው» አለች፣ ቀስ ብላ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት አልመኝላችሁም። ስምንት ቤት ኮረፈኝ። ሙሚና ልጇን መዳሪያዋ ደርሶ ነበር፤ ሠርጉ እኔ ግቢ ሊሆን ከተወሰነ ቆይቷል፤ አሁን ግቢም ቤትም ሊጠፋ ነው። አጥሩ ላይ ሻሽ አላየሁም። ምግብ ብልክላት ሳህኑ እንደሞላ ተመለሰ። ብቻዬን ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጬ መስመሮቹን አያለሁ። ጥቁሩን የባሌን መስመር «አይ ያንተ ሚስት» አልኩት።

ሪፖርቱ የሚነበብበት ቀን ደረሰ። ቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰብን። አዳራሹ ከእኔ ቤት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ወንዙ ዳር፣ ከጥንት በነበረ መሬት ላይ በድንጋይ የተሠራ ነው፤ ጓድ ግርማ የሚኮራበት። ታደለ ተነሥቶ አነበበ። የአክስቴ ግቢ ሙሉ በሙሉ ሰው የሠራው ነው ሲል ስምንት ቤት በአንድ ጊዜ ዞሮ አየኝ። ወንበሬ ሥር ልገባ ፈለግሁ።

«ይሁን እንጂ» አለ ታደለ።

ያቺን «ይሁን እንጂ» እስክሞት አልረሳትም።

ይሁን እንጂ መሬቱ ለረጅም ዓመታት በተደጋጋሚ ሠርግ የተጠቀጠቀ በመሆኑ፣ የቀሩት ስምንቱ ግቢዎችም በዘንግ ተመትተው እንዲሁ ስለሆኑ፣ ጎርፍ በቀላሉ አይበላውም። በሠርግ የተጠቀጠቀ! እንዲያው በመንግሥት ወረቀት ላይ፣ በጽሕፈት መኪና ተጽፎ!

ጓድ ግርማ ፊቱ ተኮሳተረ። «ጓድ ባለሙያ፣ ይሄ ቀልድ ነው? ሠርግ ነው ያልከው?»

እኔ መቼም አልቻልኩም፣ ተነሣሁ። «አንተስ ጓድ ግርማ፣ የት ነው ያገባኸው? ነጭ ጫማህ ተረከዙ እስኪወልቅ የረገጥከው ማን ግቢ ነው? ያንተም እኮ ድርብርብ እዚያ አለ!»

አዳራሹ ፈነዳ። ሚስቱ ሳትቀር አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። እሱም ጥቂት ታግሎ ተሸነፈ። ሙሚና ከፊቴ ተቀምጣ ጀርባዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ስታለቅስ መስሎኝ ነበር። ዘወር ብላ «አንቺ ሴትዮ» አለችኝ፣ ዓይኗ በሳቅ እንባ ተሞልቶ። ታረቅን ማለት ነው።

ግን ታደለ አልጨረሰም። ጎርፍ የሚያሰጋው ሌላ መሬት አለ አለ። ማንም ያልነካው፣ ማንም ያልረገጠው፣ ውሃው እንዳስቀመጠው የተቀመጠ ልል አሸዋ። «አሁን የተቀመጥንበት ነው» አለ፣ ወለሉን እያየ።

ይኸው እንግዲህ። ፈጣሪ የሠራው ይለቀቅ ተባለ፣ አስካለ የሠራችው ይቆይ ተባለ። አዳራሹ እስኪዛወር ድረስ ስብሰባው ሁሉ ጠንካራ መሬት ላይ፣ ማለትም እኔ ግቢ እንዲሆን ተወሰነ። ቤቴን አተረፍኩ፣ ግቢዬን ለስብሰባ ሰጠሁ። የሠርግ ቀን ሁሉ የስብሰባ ቀን ሆነ። የሙሚና ልጅ ሠርግም ላልታወቀ ጊዜ ተላለፈ።

ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት ጉድጓዱ ተደፈነ። ዘጠኛችንም አንዳንድ ነገር ጣልንበት። ሙሚና የተሰበረ ብርጭቆ፣ ሌላው የዛገ ቁልፍ። እኔ ታደለን ፕላስቲክ ይበሰብስ እንደሆነ ጠየቅሁት። በጣም ይቆያል አለኝ። አንዱን እግር ኮንጎ ጫማዬን አወለቅሁና ጣልኩት።

ስብሰባው ተጀመረ። ጓድ ግርማ ከነጠረጴዛው ከነወንበሩ መሐል ግቢ ተሰየመ። ንግግሩ ሰዓት ሲያልፈው ሰው እንደተቀመጠ እያንቀላፋ ሳለ፣ ወንበሩ በቀኝ በኩል ቀስ፣ ቀስ እያለ መስመጥ ጀመረ። እሱ አላወቀም። ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር አንድ ጣት ይሰምጣል። በመጨረሻ ጥያቄ ያለው ሲል ገደል አፋፍ ላይ እንዳለ ሰው ዘምሞ ነበር። ጉድጓዱ ላይ ነዋ የተቀመጠው! ማን ጨፍሮበት ነው የሚጠነክረው?

በማግሥቱ በሕይወቴ የመጀመሪያዬን ማመልከቻ ጻፍኩ። የመሠረተ ትምህርት ደብተሬን ገንጥዬ፣ ሙሚና ፊደል እያሳሳተችኝ። «ጓድ ሊቀመንበር ሆይ፣ ሕዝቡ ቁጭ ብሎ ስለሚሰበሰብ መሬቱ እየላላ ነው። ክረምት ሳይገባ ለአፈር ጥበቃ ሲባል ሠርግ ይፈቀድልን።» ጓድ ግርማ ሁለቴ አነበበው። ወገቡን ያዝ አድርጎ ማኅተሙን መታ። ሠርጉ የልማት ዘመቻ ተብሎ ተመዘገበ።

የሙሚና ልጅ ተዳረች። ዳሱን መሐል ጉድጓዱ ላይ ጣልነው። ኦሮሞው መታ፣ ሶማሌው ዘለለ፣ ጓድ ግርማ መነጽሩን ኪሱ ከቶ ረገጠ፤ ታደለ እንኳ ተጋብዞ መጥቶ እግሩን እንደ መዶሻ አነሣ ጣለ፣ ጨፈረ ለማለት ባልደፍርም። የእኔ ዘመዶች ዳር ሆነው ትከሻቸውን ነቀነቁ። ክረምት ገባ፣ ደቻቱ መጣ፣ ግቢያችንን ሲያሽ አመሸ፣ ሄደ። የቀበሌው አዳራሽ ሁለት ግድግዳው አብሮት ሄደ። ግቢዬ አለ።

አሁን ከሰዓት ድሬ ስትተኛ፣ እኔ እንቅልፍ ሲነሳኝ፣ እዚያ መሐል ግቢዋ ላይ ቆሜ በባዶ እግሬ መሬቱን አዳምጠዋለሁ። ስንት ሺህ ዓመት ቆይቶ ያ በህልሜ ያየሁት ሰው ይመጣና ይቆፍራል። ነጩን ያያል፣ ጥቁሩን ያያል፣ ግራጫውን ያያል። ብዙ የተወራባትን፣ ጥቂት የተረገጠባትን የስብሰባችንን ቀጭን መስመር ምናልባት ሳያያት ያልፋታል። ከዚያ ኮንጎ ጫማዬን ያገኛል፤ አንዱን። ዙሪያውን ቆፍሮ ቆፍሮ ሌላውን ሲያጣ፣ የዚያ ዘመን ሰው አንድ እግር ብቻ ነበረው ብሎ ይጽፍ ይሆናል።

ይጻፍ። ከመጻፉ በፊት ግን ዘንጉን አንዴ ይምታበት። በአንድ እግር እንደዚያ አይጠቀጠቅም።